ትንሽ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ፦ ልጆችን ይዞ ወደ ፕላኔታሪየምና ወደ ሳይንስ ሙዚየም ለመሄድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ዲሲ የምትኖሩ ወላጆች የታደላችሁ ናችሁ። ከቤታችሁ ብዙም ሳትርቁ ፕላኔታሪየሞች፣ የሳይንስ ሙዚየሞችና ለሕዝብ የሚከፈት የዩኒቨርሲቲ ቴሌስኮፕ አሉ፤ ብዙዎቹም ገንዘብ አይጠይቁም። ሆኖም አብዛኛው ቤተሰብ የሚሄደው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ በድንገት ተነሥቶ፣ ከሁሉ ትልቁ ወደሆነው ሙዚየም። ጊዜው ፓርኪንግ ፍለጋ ላይ ያልቃል። በሩ ላይ ሲደርስ ትኬት ከቤት መያዝ እንደነበረበት ይነገረዋል። ከገባ በኋላ ልጆቹ ይርባቸዋል። ሮኬቱ ሥር ፎቶ ይነሡና ይመለሳሉ። በሌላ ቀን "ሙዚየም እንሂድ?" ሲባል ልጁ "አይቼዋለሁ እኮ!" ይላል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ትንሽ ቦታ ምረጡ፣ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያም ረጋ ብላችሁ ቆዩ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በዋናነት በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች የተጻፉ ናቸው፤ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ፣ እስራኤልና አዲስ አበባ ላላችሁም አንድ ክፍል አለ።

1. ከቦታው በፊት ጥያቄውን ምረጡ

ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ልጁን ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቁት። "ስለ ሳይንስ ምን ትፈልጋለህ?" ብትሉት ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። "ጨረቃ ቀን ላይ ለምን ትታያለች?" "አውሮፕላን ያን ያህል ከብዶ እንዴት ይነሣል?" የሚል ነገር እናንተው ጣል አድርጉለትና የራሱን እንዲያመጣ ጠብቁት። ጥያቄው ወረቀት ላይ ይጻፍና ኪሱ ውስጥ ይግባ። ይህ የሚጠቅመው ቦታውን የሚወስነው ጥያቄው ስለሆነ ነው።

ብዙ ሰው ሁሉንም "ሙዚየም" ብሎ ይጠራቸዋል እንጂ አራት ዓይነት ቦታዎች ናቸው። ፕላኔታሪየም ጉልላት ጣሪያ ያለው ጨለማ አዳራሽ ነው፤ የሌሊቱ ሰማይ ጣሪያው ላይ ይፈነጠቃል። ቴሌስኮፕ የለበትም፤ የምታዩት እውነተኛውን ኮከብ ሳይሆን ማሽን አስመስሎ የሚያሳየውን የኮከብ ብርሃን ነው። ኦብዘርቫቶሪ ደግሞ እውነተኛ ቴሌስኮፕ ያለበት ነው፤ ሰማዩ ከደመነ ግን ምንም አታዩም። በእጅ የሚሞከርበት የሳይንስ ሙዚየም ልጁ ራሱ የሚገፋው፣ የሚስበውና የሚያሽከረክረው ነገር የሞላበት ነው። የመጨረሻው የዕቃ ሙዚየም ነው፦ መስታወት ውስጥ ያለውን አይታችሁ የምታልፉበት። ስለ አውሮፕላን የጠየቀውን ልጅ ፕላኔታሪየም ብትወስዱት ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

2. የመጀመሪያው ፕላኔታሪየም ትንሽ ይሁን

በናሽናል ሞል ላይ ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም አልበርት አይንስታይን የተባለ ፕላኔታሪየም አለው፤ ግሩም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ልጅ ግን አልመርጠውም። ትልልቅ ፕላኔታሪየሞች የሚያሳዩት በአብዛኛው አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልም ነው፤ ልጁ እጁን አንሥቶ ቢጠይቅ የሚመልስለት የለም። በትናንሾቹ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ በራሱ አንደበት ያስረዳል። "እስቲ ወደ ኋላ መልሰው" ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

በዲሲ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ፣ ኔቸር ሴንተር በሚባለው ቤት አንድ ትንሽ ፕላኔታሪየም አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ሥር ያለ ብቸኛው ፕላኔታሪየም ሲሆን መግቢያው ነጻ ነው። ቨርጂኒያ ላላችሁ አርሊንግተን ያለው የዴቪድ ኤም. ብራውን ፕላኔታሪየም አለ፤ ስሙን ያገኘው በ2003 በኮሎምቢያ መንኮራኩር አደጋ ከሞተው የአርሊንግተን ተወላጅ ጠፈርተኛ ነው። የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ንብረት ስለሆነ በሳምንቱ መካከል የተማሪዎች ነው፤ ለሕዝብ የሚከፈትባቸውን ቀናት ለይታችሁ እወቁ። በሜሪላንድ በኩል ላንሃም ያለው የሃዋርድ ቢ. ኦወንስ ሳይንስ ማዕከልም የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ንብረት ሲሆን ፕላኔታሪየም አለው።

አስረጂው ሰው ካለ ደግሞ እኛ ብቻ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለን፦ ሰማዩን ወደ አዲስ አበባ እንዲያዞርላችሁ። ማሽኑ የየትኛውንም አገር ሰማይ ማሳየት ይችላል፤ ጥያቄውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ትርኢቱ ሳይጀመር ቀረብ ብላችሁ "ከተመቸህ በመጨረሻ ላይ 9 ዲግሪ ሰሜን ብታሳየን" በሉት። የሰሜን ኮከብ ከዋሽንግተን ሲታይ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲዞር ቁልቁል ወርዶ አድማሱ አጠገብ 9 ዲግሪ ላይ ይቀራል። በደቡብ በኩል ደግሞ ከዋሽንግተን ፈጽሞ የማይታየው የደቡብ መስቀል ብቅ ይላል። ከኢትዮጵያ የመጡ አያት አብረዋችሁ ካሉ ይህን ጊዜ ዝም አይሉም። ጨረቃ በአገራቸው እዚህ ከሚያዩት ይልቅ ጀርባዋ ላይ ተኝታ እንደምትታይ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጥላ እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ልጁ አያቱ የሚያውቁትን ሰማይ ከጉልላቱ ላይ ያነባል። እኔ እንደማስበው ይህ ከየትኛውም የተቀረጸ ፊልም ይበልጣል።

3. ሰዓቱንና ትኬቱን ከቤት ጨርሱ

የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሞል ላይ ያለው ሕንጻ ነጻ ቢሆንም ሰዓት የተጻፈበት የመግቢያ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝን ሲጠይቅ ቆይቷል። ነጻ ነው ማለት ትኬት አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ በር ላይ የሚመለሰው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለፕላኔታሪየሙ ትርኢት ሌላ ትኬት ያስፈልግ እንደሆነም ለብቻው እዩ። ቨርጂኒያ ሻንቲሊ ያለው የዚሁ ሙዚየም ሁለተኛ ሕንጻ፣ ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል፣ የመግቢያ ትኬት አይጠይቅም። ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር ያለችው እዚያ ነው። ነገር ግን ፓርኪንግ ይከፈልበታል፤ ከሰዓት በኋላ ከ4:00 ወዲህ ከደረሳችሁ ግን አትከፍሉም። ሙዚየሙ የሚዘጋው 5:30 ስለሆነ የሚቀራችሁ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ መንኮራኩሯን ብቻ ለማየት ይበቃል።

ስለ ሰዓት ካነሣን፦ ከአገር ቤት ለመጡ ዘመዶች ቀጠሮ ስትነግሩ ተጠንቀቁ። ትኬቱ ላይ 1:00 ፒኤም የሚለው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የፕላኔታሪየም በር ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ አይከፈትም፤ ብርሃን ከገባ የሁሉም ተመልካች ዓይን ጨለማውን መልመድ እንደ አዲስ ይጀምራልና። የዘገየ ሰው ልመና አያስገባውም። ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ።

የትኛው ቀን ይሻላል? በሳምንቱ መካከል ጠዋት የተማሪ አውቶቡሶች ይሞሉታል፤ ከምሳ በኋላ ግን ወደ ትምህርት ቤታቸው ስለሚመለሱ አዳራሹ ይቀልላል። ቅዳሜ ከሆነ ልክ በሩ ሲከፈት ድረሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሄድ ቤተሰብ ልጆቹ ቁርስ ያልበሉና የደከማቸው መሆናቸውን አይርሳ፤ መጀመሪያ ቤት ገብቶ መብላት፣ ከዚያ መውጣት ነው።

የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችና ብሔራዊ ፓርኮች የፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ ጥገኞች ናቸው። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር ሊዘጉ ይችላሉ፤ በ2025 መጸው የሆነውም ይኸው ነው። በጀት ላይ ጭቅጭቅ በተሰማበት ሰሞን ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ።

ክፍያ ያለበት ሙዚየም ከሆነስ? ፉድ ስታምፕ የምትቀበሉ ከሆነ "ሙዚየምስ ፎር ኦል" የሚባለውን አሠራር ጠይቁ። በዚህ ውስጥ የሚሳተፉ ሙዚየሞች የኢቢቲ ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን አይተው እስከ አራት ሰው በነጻ ወይም ከ3 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ያስገባሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ትኬት የሚቆርጠው ሰው በቀን ስንት ጊዜ የሚያየው ካርድ ነው። የአካባቢያችሁ ቤተ መጻሕፍትም የሙዚየም ትኬት ያውስ እንደሆነ ጠይቁ።

ዓመታዊ አባልነት ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። "ኤኤስቲሲ ፓስፖርት" የሚባል ስምምነት አለ፦ የአንድ ሳይንስ ሙዚየም አባል የሆነ ሰው በስምምነቱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሙዚየሞች በነጻ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ይገዛና ሰፈሩ አጠገብ ካለው ሙዚየም በር ይመለሳል። ስምምነቱ ከመኖሪያ ቤታችሁ ወይም አባል ከሆናችሁበት ሙዚየም በ90 ማይል ክልል ውስጥ ላሉት አይሠራም። የሚጠቅመው ወደ ሌላ ግዛት ዘመድ ጥየቃ ለሚመላለስ ቤተሰብ ነው።

4. የምትይዙት ዕቃ

ብዙ አይደለም። ለሁሉም ሰው ስስ ሹራብ፤ ጉልላቱ ሥር ቁጭ ብሎ ለሚቆይ ልጅ ክረምት ከበጋ ብርድ ነው። ምሳ ቋጥሩ፤ የሙዚየም ካፌ ውድ ነው፣ በጾም ሰሞን ደግሞ ከድንች ጥብስ ሌላ የምትበሉት ላታገኙ ትችላላችሁ። ማሳያ ክፍሎች ውስጥ መብላት ስለማይፈቀድ ምሳውን ሞል ላይ ሣሩ ላይ ብሉት። እርሳስና ትንሽ ደብተር። ቦርሳ ስለሚፈተሽ ብርቱካን መላጫ ቢላዋ እንኳ ቤት ይቅር። ወደ ሞል በሜትሮ መሄድ ከመኪና ይሻላል፤ ላንፎን ፕላዛ ጣቢያ ብትወርዱ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቅርብ ነው።

5. ጉልላቱ ሥር

ከመግባታችሁ በፊት ሁሉም ሽንት ቤት ይሂድ። "አልመጣብኝም" ያለውም ይሂድ።

የመቀመጫ ምርጫ የሚወሰነው በአዳራሹ ዓይነት ነው። ወንበሮቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ ከሆነ ከኋላ ረድፎች መካከሉን ያዙ፤ ፊት የተቀመጠ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ለማየት አንገቱን ያጣምማል። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው ማሽኑ መሐል ላይ ከሆነ ደግሞ ትርኢቱ በብዛት በየት አቅጣጫ እንደሚታይ አስረጂውን ጠይቁና ፊታችሁን ወደዚያ የሚያደርግ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጨለማ የሚፈራ ሕፃን ካለ ከገባችሁበት በር አጠገብ፣ ከዳር ተቀመጡ። ብዙ ቦታ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተለየ ትርኢት ወይም ገደብ አለው፤ ቀድማችሁ እወቁት። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት "አሁን ይጨልማል፣ እጄን ያዥ" ማለት ካለቀሰች በኋላ ከማባበል ይቀላል። ጉልላቱ ላይ ምስሉ በፍጥነት ሲሽከረከር ወንበሩ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ ጭንቅላት የሚያዞርበት ሰው ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ይጨፍን። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚያስነሣበት ልጅ ካላችሁ ግን የትርኢቱን ይዘት ሳትጠይቁ አትግቡ።

ስልክ አጥፉ። ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑንም። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ የበራ ስልክ ግን ያን በቅጽበት ያበላሸዋል። በፊልም የምትቀርጹትም ሰማይ ቤት ስትከፍቱት ጥቁር ማያ ብቻ ነው።

ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ። ሕዝቡ ወደ በሩ ሲጎርፍ እናንተ ወደ አስረጂው ሂዱና ልጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጥያቄ አውጥቶ ያንብብለት። ወላጅ በልጁ ፈንታ አይጠይቅ። እነዚህ ሰዎች ለሚጠይቃቸው ልጅ ጊዜ አላቸው፤ አብዛኛው ተመልካች አመስግኖ እንኳ አይወጣም።

6. በእጅ የሚሞከርበት ቦታ

እኛ ያደግነው "አትንካ!" ሲባል ነው፤ ልጆቻችንንም ሰው ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንለው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን ያልነካ ልጅ ምንም አላየም። ልዩነቱን በር ላይ ንገሯቸው፦ መስታወት ውስጥ ያለ ወይም ገመድ የታጠረበት አይነካም፤ እጀታ፣ ቁልፍ፣ ገመድ ወይም ወንበር ያለው ይነካል። ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ ደስ የሚል ነገርም አለ፦ የአየርና የጠፈር ሙዚየም አፖሎ 17 ከጨረቃ ያመጣው፣ ጎብኚ በጣቱ የሚነካው ቁራጭ ድንጋይ አለው። የት እንዳለ መረጃ ዴስክ ላይ ጠይቁ።

ዲሲ ላላችሁ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ "ስፓርክ ላብ" የሚባል ነጻ ክፍል አለ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን ልጆቹ ራሳቸው ነገር ፈጥረው ይሞክራሉ። የሚከፈትበት ሰዓት ከሙዚየሙ ሰዓት ያነሰ ነው። ሙሉ ቀን ካላችሁ ባልቲሞር ወደብ ዳር ያለው የሜሪላንድ ሳይንስ ማዕከል ይሻላል። ይከፈልበታል፤ ግን የዳይኖሰር አዳራሽ፣ የፊዚክስ መሞከሪያዎች፣ ለትንንሾች የተለየ ክፍልና የራሱ ፕላኔታሪየም በአንድ ጣሪያ ሥር አሉት።

እዚያ ስትደርሱ ካርታው ላይ ያለውን ሁሉ ለመጨረስ አትነሡ። አንድ ዙር ቶሎ ቶሎ እያያችሁ እለፉ፤ ከዚያ ልጁ ሦስት ወይም አራት ይምረጥና ወደ እነሱ ተመለሱ። እያንዳንዳቸው ላይ የሚደረገው ነገር ቅደም ተከተል አለው።

በቅድሚያ ይገምት። "ብትስበው ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ግምት ሳይናገር የነካ ልጅ የሆነውን አይቶ ያልፋል፤ የገመተ ልጅ ግን ትክክል ነበርኩ ወይስ ተሳሳትኩ ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ይሞክር። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ይድገም። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም፤ የሳይንቲስቱም ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማብራሪያው ሰሌዳ በመጨረሻ ይነበባል። ወላጆች አብዝተን የምናጠፋው ይህን ነው፦ ልጁ ሳይነካው ሰሌዳውን ጮክ ብለን እናነብበታለን፣ መልሱን እንነግረዋለን፣ ከዚያ "ገባህ?" እንለዋለን። ጉብኝቱ ፈተና ይሆናል።

ፊዚክስ ከረሳችሁ ብዙ ዓመት ሆኗችሁ ልታፍሩ ትችላላችሁ። ሦስት የተለመዱ መሞከሪያዎችን ብቻ ላስታውሳችሁ።

የሚሽከረከር ወንበር፦ ልጁ ሁለት ክብደት ይዞ እጁን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ቀስ ብላችሁ ታዞሩታላችሁ፣ እጁን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ በድንገት ይፈጥናል። ክብደቱ ወደ መሐል ሲጠጋ የመዞሩ ፍጥነት መጨመር አለበት። ቤት ውስጥ በቢሮ ወንበርና በሁለት የውሃ ጠርሙስ ይደገማል።

አየር ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ፦ ከታች የሚነፋው አየር ኳሱን ይደግፈዋል፤ ነፊው ወደ ጎን ቢያዘነብልም ኳሱ አይወድቅም፣ ምክንያቱም አየሩ የኳሱን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚታጠፍ ኳሱን መልሶ ወደ መሐል ይስበዋል። ልጁ ኳሱን በጣቱ ገፋ አድርጎ መመለሱን ይይ። በፒንግ ፖንግ ኳስና ቀዝቃዛ አየር በሚነፋ ፀጉር ማድረቂያ ቤትም ይሠራል።

ራሳችሁን የምታነሡበት ገመድና ፑሊ፦ ፑሊ ሲጨመር ሸክሙ ይቀልላል፤ ግን በነጻ አይደለም። ጉልበቱ በግማሽ ከቀነሰ የምትስቡት ገመድ በእጥፍ ይረዝማል። ልጁ ገመዱን በክንድ ይለካው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ያልፋል።

የማታውቁት ነገር ሲገጥም "እኔም አላውቅም፣ እንሞክረው" በሉ። ካልገባችሁ የሙዚየሙ ስም የታተመበት ልብስ የለበሰውን ሠራተኛ ጥሩ፤ ሥራው እሱ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስላችሁ አትቆጡት፣ እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። ታናሹንና ታላቁን አታወዳድሩ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ፣ ልጁ ገና ቢፈልግም፣ ዕረፍት አድርጉ፤ ደክሞት የወጣ ልጅ የሚያስታውሰው ድካሙን ነው።

7. ከዋሽንግተን ርቃችሁ ላላችሁ

አትላንታ ያላችሁ ስሙን አጣሩ። ፈርንባንክ ሳይንስ ሴንተርና ፈርንባንክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚባሉ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ፕላኔታሪየሙ ያለው በሳይንስ ሴንተሩ ነው፤ የዲካልብ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ንብረት ነው። ጂፒኤሱ ላይ "ፈርንባንክ" ብቻ የጻፈ ሰው ሌላው በር ላይ ሊቆም ይችላል፣ እዚያ ደግሞ የመግቢያ ክፍያው ከበድ ይላል። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ የግሪፍዝ ኦብዘርቫቶሪ መግቢያ ነጻ ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው፣ ፕላኔታሪየሙ ይከፈልበታል፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚገቡትም በቀኑ የመጀመሪያ ትርኢት ብቻ ነው። ታዳጊ ካላችሁ ማታ ሰማዩ ሲጠራ የሚከፈተውን ትልቅ ቴሌስኮፕ ለማየት ሰልፉን ታገሡ።

እስራኤል ያላችሁ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ነታንያ ፕላኔታሪየም አለ። ሬሆቮት ያላችሁ ደግሞ በዋይዝማን ተቋም ግቢ ያለውን የክሎር የሳይንስ መናፈሻ አትለፉት፤ መሞከሪያዎቹ ያሉት ሜዳ ላይ ስለሆነ ልጆች እንደልብ ይሮጣሉ፣ ግን ባርኔጣና ውሃ ካልያዛችሁ በጋ ላይ አትሂዱ። ኢየሩሳሌም ብሉምፊልድ፣ ሃይፋ ማዳቴክ አሉ። ዓርብና ቅዳሜ ሰዓታቸው ስለሚለያይ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ትርኢቱ በምን ቋንቋ እንደሆነም ጠይቁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም አለ፤ ጉልላት ትርኢቱ በምን ቀንና ሰዓት እንደሚታይ ሳታጣሩ ለልጆች ቃል አትግቡ። እንጦጦ ላይ አንድ ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ የምርምር ቦታ እንጂ ሙዚየም ስላልሆነ ፈቃድ ይዛችሁ፣ ቢቻል በትምህርት ቤት በኩል፣ ሂዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደመናው አያስመኝም፤ ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ። ማታ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ መቆም ስለሆነ ጋቢ ያዙ።

8. በዚያው ማታ ውጭ ውጡ

ብዙ ቤተሰብ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ጉልላት ሥር የታየ ሰማይ በዚያው ምሽት ከእውነተኛው ጋር ካልተገናኘ ፊልም ሆኖ ይቀራል። ከቤት በር እስከ ጨለም ያለ ሣር ድረስ ብቻ መሄድ ይበቃል። ከተማ ውስጥ ፍኖተ ሐሊብን አታዩም፤ ጨረቃን፣ ደማቅ ፕላኔቶችንና የሰሜን ኮከብን ግን ታያላችሁ።

መሣሪያው እጅ ነው። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ ሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የልጅ ክንድ አጭር ቡጢውም ትንሽ ስለሆነ ለልጅም ይሠራል። ከአድማስ ጀምራችሁ ቡጢ በቡጢ ላይ እየደረባችሁ እስከ ሰሜን ኮከብ ቁጠሩ። ዋሽንግተን ዙሪያ አራት ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ይህ ቁጥር በአሥር ሲባዛ የምትኖሩበት ቦታ ኬክሮስ ነው። አዲስ አበባ ላለው አጎት ደውሉና እሱም ሰሜን አድማሱ ክፍት ከሆነ ቦታ ይለካ፤ አንድ ቡጢ እንኳ አይሞላም። የሰዓት ልዩነቱ ስላለ እሱ የሚለካው እናንተ ገና ከሰዓት ላይ ሳላችሁ ነው፤ ውጤቱን ግን አይለውጠውም፤ ያ ኮከብ ሌሊቱን ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል።

ስልክ ላይ ስቴላሪየምን የመሰለ የሰማይ ካርታ ይረዳል፤ ማያውን ወደ ቀይ ብርሃን ለውጡት። ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ በሱቅ የሚሸጡት ርካሽ ቴሌስኮፖች እግራቸው ስለሚወዛወዝ ልጁን ያናድዱታል። 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሆነ ባይኖኩላር ይሻላል፤ ክርናችሁን አጥር ላይ ደግፋችሁ ብትይዙት የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ያሳያል። ጨረቃን የምታዩት ሙሉ ስትሆን አይደለም፤ ግማሽ ስትሆን ነው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የጉድጓዶቹ ጥላ ይታያል። ባይኖኩላሩ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ልጅ እጅ ላይ አይቀመጥ፤ በእሱ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል።

ትልቅ ቴሌስኮፕ ማየት ከፈለጋችሁ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኦብዘርቫቶሪ በየወሩ በፈረንጅ ቀን 5 እና 20 ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በነጻ። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ ባለሙያ ገለጻ ይሰጣል፣ ከዚያ ሰማዩ ከጠራ በቴሌስኮፕ ታያላችሁ። ቢደምን እንኳ ገለጻው አይቀርም። ቀጣዩ 5 ወይም 20 በየትኛው ቀን እንደሚውል አሁኑኑ ተመልከቱና፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ከሌለ፣ ልጆቹን ቀደም ብላችሁ እራት አብሉና ውጡ።